ጉልበት

ኩልፎ ከጉጌ ተራሮች ጉያ ተነስቶ፣ አርባ ምንጭን ታክኮ ወርዶ፣ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ዝናብ በሌለበት ሰሞን ሲያዩት ጨዋ ወንዝ ነው። ድምፁ ከሙዝ ቅጠል ኮሽታ እምብዛም አይበልጥም። ደጋው ላይ ዘንቦ የዋለ ዕለት ግን ያንን የጋሞን ቀይ አፈር ተሸክሞ እያጉረመረመ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዳርቻው ላይ መቀመጥ የሚያምረው ሰው የለም። እኔ የደረስኩት በጨዋነቱ ወራት ነበር።

የጋበዘኝ የተማሪነት ዘመን ጓደኛዬ ነው። «ና እስቲ፣ አዲስ አበባ ሳትጨርስህ ጥቂት አየር ለውጥ» አለኝ። ሲቀላ ከሚገኘው ቤቱ ተነስተን፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ካለ ዛፍ ሥር እየተቀመጥን ያለፈውን ዘመን እናማ ነበር። በሦስተኛው ቀን የእህቱ ልጅ ተቀላቀለችን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ደጋ ላይ ነው የምትሠራው፤ ለስብሰባ ወደ ከተማ ወርዳ ነው ያገኘናት። ጓደኛዬ ለስላሳ ሊያስመጣልኝ ሲል «ኧረ ስኳር አለብኝ» ብዬ ተከላከልኩ። (ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ትዝ የሚለው ሰው ሲጋብዘው ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይረሳዋል።) ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እግርዎን ታይተው ያውቃሉ?»

«እግሬን ደግሞ ምን ሆኜ?»

«እስቲ ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

መቼም አንድ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰውዬ፣ ያውም የቀድሞ መምህር፣ በልጁ ዕድሜ ባለች ወጣት ፊት ጫማ ሲያወልቅ ምን እንደሚሰማው አይጠፋችሁም። የካልሲዬ አውራ ጣት ላይ ቀዳዳ እንዳለ አስታውሼ ላንገራግር ስል፣ ልጅቷ ሣሩ ላይ ተንበርክካለች። እግሬን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ፣ ተረከዜን ገልብጣ አየች። ከዚያ «ይሄ ቁስል መቼ ወጣብዎት?» አለችኝ። «የቱ ቁስል?» አልኩ። የብር ሳንቲም የምታህል ቁስል ከውስጥ እግሬ ላይ ተቀምጣ ኖሯል፤ እኔ አልተሰማኝም። ስኳር የእግርን ስሜት ቀስ እያለ እንደሚሰርቅ፣ ያልተሰማ ቁስል አመርቅዞ እግር እስከማስቆረጥ እንደሚደርስ ነገረችኝ። አልጮኸችም። አልተቆጣችም። «ነገ ጠዋት አብረን ሄደን እናሳየው?» አለች። «አብረን» የምትለዋ ቃል ናት የረታችኝ።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልናገር። ያ ቁስል ከመውጣቱ በፊት ለስምንት ወራት ክትትሌን ትቼ ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም፤ ጊዜም አይደለም። በመጨረሻ በሄድኩበት ቀን የመረመረኝ ባለሙያ የውጤቱን ወረቀት እያወዛወዘ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ወረፋው እየሰማ «እርስዎ እኮ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አያፍሩም?» አለኝ። አፈርኩ። ትእዛዙን ፈጸምኩለት ማለት ነው። ስላፈርኩም አልተመለስኩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተርኬያለሁ፤ ሰው በሽታውን ለምን እንደሚደብቅ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በዚያ ባለሙያ ላይ ለመፍረድ የሞራል ብቃቱ እንደሌለኝ ደግሞ ልጨምር። እኔም ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ «ለማነቃቃት» በሚል ሰበብ፣ ከሁሉ የደከመውን ድርሰት መርጬ ክፍሉ እስኪስቅ ድረስ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። የጸሐፊውን ስም አልጠራም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሌ አልመጣም። ሰነፍ ነው ብዬ ዘጋሁት። እኔ ከክሊኒኩ ስጠፋ ባለሙያውም ስለ እኔ እንደዚያ ሳይል አይቀርም።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንዲት ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ስትመላለስ አደረች፤ «ጉልበት»። ሰምና ወርቅ ያስተማረ ሰው ምን ያድርግ? አማርኛችን ኃይልንም ጉልበት ይላል፤ ሰው የሚንበረከክበትንም ጉልበት ይላል። ሰውን ለገዛ ጤናው ለማነሳሳት ባገራችን የተሞከረውን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ፣ ታሪኩ በእነዚህ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል የሚመላለስ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚሁ ከኩልፎ ዳር እንጀምር። ጋሞዎች ከጥንት ጀምሮ ደጋውን ይዘው የኖሩበት አንዱ ምክንያት የቆላው ወባ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ለብዙ ዓመታት ብርዱ ላይ፣ ጨንቻ፣ ነበረች፤ ወደ አርባ ምንጭ የወረደችው በ1950ዎቹ ነው። ወባ ደግሞ የቆላ በሽታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ደጋና ወይናደጋ የወጣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የወባ ሠራተኞችን አይረሳም። የመርጫ ፓምፕ በትከሻቸው አንግተው መንደር ሲገቡ ሕፃናት እንከተላቸው ነበር። «ዕቃ አውጡ! እህል ሸፍኑ!» ይባላል። ዲዲቲው ግድግዳው ላይ ይረጫል፤ ደርቆ ነጭ ቡራቡሬ ይሆናል። ሠራተኞቹ በር ላይ ምልክት ጽፈው ይሄዳሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሚሠራ፣ ለምን መቆየት እንዳለበት፣ ቁጭ ብሎ ለባለቤቲቱ ያስረዳት ግን ስንት ቤት ነበር? በዓል ሲደርስ ሴትዮዋ እንደ ባህሏ ቤቷን በጭቃና በእበት አሳምራ ትለስናለች። መድኃኒቱም ከልስኑ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ትንኟ በአዲሱ ግድግዳ ላይ በሰላም ታርፋለች። ለምስጋና ያህል፣ ያ ዘመቻ ብዙ ሺህ ነፍስ አትርፏል፤ ቆላውን ለእርሻና ለከተማ የከፈተውም እሱ ነው። ይሁንና ከዓመታት በኋላ «ማጥፋት» የሚለው ቃል ቀርቶ «መቆጣጠር» ተባለ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ መድኃኒት የለመደች ትንኝ አለች፣ የገንዘብ እጥረት አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ያቺ ልስን ለሳኝ ናት። ቤቷ የተረጨው በጉልበት ነው፤ እሷም በጉልበቷ ለሰነችው። ማንም ማንንም አላናገረም።

ከጉልበት ቀጥሎ የመጣው ማስፈራራት ነው። ኤድስ ባገራችን ከታወቀበት ከ1978 ዓ.ም ወዲህ በየግድግዳው የተለጠፉትን ሥዕሎች አስታውሱ። የራስ ቅል፣ አፅም፣ አልጋ ላይ የመነመነ ሰው። ዓላማው በጎ ነበር፤ አልጠራጠርም። ውጤቱስ? ሰዉ ፈራ፤ የፈራው ግን በሽታውን ብቻ አልነበረም። ምርመራውን ፈራ፣ የታመመ ጎረቤቱን ፈራ፣ ውጤት የሚሰጠውን ክፍል ፈራ። ሞት የተሳለበትን በር ማን ያንኳኳል?

እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ዘመዶች ወደ መድረክ ይወጣሉ። ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን ሰው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ጎልማሶችን ወደ መሠረተ ትምህርት ለመሳብ በስብከት ፋንታ ተከታታይ ድራማ አዘጋጀ። ብልሃቱ ቀላል ነው። አንድ ደግ ገጸ ባሕርይ አለ፤ አንድ ክፉ አለ፤ በመካከል ደግሞ የሚወላውል፣ የሚሳሳት፣ የሚማር ሰው አለ። አድማጩ ራሱን የሚያየው በዚህ በመካከለኛው ውስጥ ነው። ያ ሰው ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል፤ ሲነሳ አብሮት ይነሳል። ይኸው ዘዴ ባገራችን «የቀን ቅኝት» በተባለው የሬዲዮ ድራማ ተሞከረ። ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ይመሩት በነበረው በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ተዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች ተላለፈ። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ የሚናገር ነበር። ከ15,000 በላይ የአድማጭ ደብዳቤ መጣለት።

እስቲ ይታያችሁ። ደብዳቤ ማለት እኮ ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ጸሐፊ ለምኖ የሚልከው ነገር ነው። በአፅም ሥዕል ያልተከፈተው የሰው አፍ በአንድ የሚወላውል ገጸ ባሕርይ ተከፈተ። እኔ በበኩሌ ሃያ ዓመት ያህል «ሥነ ጽሑፍ ምን ይጠቅማል?» እያሉ ለሚያደክሙኝ ተማሪዎች መልስ ስፈልግ ኖሬ፣ መልሱን ያገኘሁት በሬዲዮ ነው። ጥሩ ታሪክ ሰውን አይኮንነውም፤ ስህተቱን ከሌላ ሰው ስህተት አጠገብ አስቀምጦ ያሳየዋል። ሰው ካልተኮነነ ደግሞ ያዳምጣል።

ከሬዲዮው ወደ ጓሮ እንውጣ፤ ወደ መጸዳጃው። ለጋዜጣ ዓምድ የማይመች ርዕስ ነው ትሉ ይሆናል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ነገሥታት ዙፋን ብዙ ጽፈዋል፤ ስለዚያኛው መቀመጫ ግን ዝም ብለዋል፤ ስለዚህ ጥቂት እንካካስ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በያኔው ደቡብ ክልል (ጋሞም በሥሩ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል) መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ ከመቶ አሥራ አምስት አይሞላም ነበር። በዶክተር ሽፈራው ተክለማርያም ይመራ የነበረው የክልሉ ጤና ቢሮ ሲሚንቶም ቆርቆሮም ሳያድል፣ አስተዳዳሪውን፣ መምህሩን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ ሁሉን አሰልፎ ሰዉ በገዛ እንጨቱና ሣሩ እንዲሠራ ቀሰቀሰ። በሁለት ዓመት ቁጥሩ ከሰባ በመቶ አለፈ። ይህን የሚያህል ለውጥ በዚህ ፍጥነት ያየ አገር ጥቂት ነው፤ ከውጭ መጥተው ያጠኑት ሰዎችም አደነቁት። ይሁንና እንዲህ ያለ ሩጫ ባለበት ሁሉ ሌላ ነገርም ይበቅላል። ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ ይቆጠራል፤ ሪፖርት ይሆናል፤ ከዚያ የማገዶ ማስቀመጫ ይሆናል። በየገጠሩ የዞረ ሰው እንዲህ ያለውን ጎጆ አይቶ ያውቃል። ለተቆጣጣሪ ዓይን የተሠራ መጸዳጃ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ሥራው ያልቃል።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ዘዴ ወደ አገራችን ገባ። ካማል ካር የተባለ ሕንዳዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመረው ነው። አስተባባሪው የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ሜዳ ወደሚወጣበት ቦታ ይዞት ይሄዳል። «ይሄ የማነው?» ይላል። ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ያመጣና «ትጠጣላችሁ?» ይላል፤ «አዎን» ይሉታል። ፀጉር ነቅሎ እዳሪው ላይ ነካ ያደርግና ብርጭቆው ውስጥ ይነክረዋል። «አሁንስ?» ሁሉም ፊቱን ያዞራል። «የዝንብ እግር ከዚህ ፀጉር ያነሰ ይመስላችኋል?» ይላቸዋል። እውነት ለመናገር፣ ከዚህ የበለጠ የማስተማሪያ ትርኢት አይቼ አላውቅም። ከፀጉሩ የሚገኘው ማስተዋል ዕድሜ ልክ አይረሳም። ግን ደግሞ በዚያ ጉብኝት ላይ «ይሄ የማነው?» ሲባል ዓይን ሁሉ ያረፈባትን ድሃ አሰብኳት። እንጨት የሌላትን፣ ቆፋሪ ወንድ የሌላትን። ድርሰቷ ጮክ ተብሎ የተነበበባት እሷ ናት።

ያ በደቡብ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ምሥራቅ ጎጃም፣ ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ የሆነው ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓይነ ማዝ በሽታን ለመከላከል ካርተር ሴንተር ከጤና ቢሮው ጋር መጸዳጃ ማስቆፈር ሲጀምር፣ አሥር ሺህ ያህል ከተሠራ ትልቅ ነገር ነው ተብሎ ነበር። የተሠራው ከዚያ እጅግ በለጠ፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በየመድረኩ ያወሩት ነበር። ምስጢሩ ሴቶቹ ዘንድ ነው። ወንዱ ቀን በየትም ይወጣል። ሴቷ ግን ሰው እንዳያያት ጨለማ ትጠብቃለች፤ ከንጋት እስከ ምሽት እንደታሰረች ትውላለች። ስለ ዝንብና ስለ ዓይን በሽታ የተነገራት ትምህርት ጥሩ ነው፤ እሷ ግን ከትምህርቱ ውስጥ የራሷን ነገር መዝዛ አወጣች፤ በቀን ብርሃን፣ በር ዘግቶ የመቀመጥን ክብር። ባሏን ያስቆፈረችው እሷ ናት። ሐኪሙ ስለ ዓይን ሊነግራት መጣ፤ እሷ ክብሯን አገኘችበት፤ ዓይኑም አብሮ ዳነ። ሰውን ለማነሳሳት የሚፈልግ ባለሙያ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ «እኔ የምፈልግልህ ይሄ ነው፤ አንተስ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

ኀፍረት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማየት የፈለገ ደግሞ ዝሆኔን ይይ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። ባገራችን አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እንደያዘው ይገመታል፤ የጋሞና የወላይታ ከፍታዎችም ቤቱ ናቸው። ለዘመናት እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ ዘር ነው፣ ይተላለፋል ሲባል ኖረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ በሠሩባቸው ዓመታት ደጋግመው ያሳዩት ግን ሌላ ነው። በሽታው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ከመሄድ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቤተሰብ የሚታየው ተጋላጭነትም ቢሆን ጫማ ላደረገ ሰው ብዙም አያሰጋም። መድኃኒቱን ስትሰሙ ደግሞ ታለቅሳላችሁ። ውኃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። በቃ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ምን አከበደው? ሕመምተኛው አይመጣም። እግሩን በነጠላ ሸፍኖ ከቤት ይውላል። ገበያ አይወጣም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ሴት ልጁ አትታጭም። ወላይታ ሶዶ ላይ ከ1990 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ለእነዚህ ሰዎች የሚሠራው የሞሲ ፉት ማኅበር ያገኘው ቁልፍ ይኸው ነበር። በየመንደሩ እግር እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳዩት፣ ራሳቸው በዚያ በሽታ አልፈው የተሻላቸው ሰዎች እንዲሆኑ አደረገ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «ታጠብ» ሲልህ ትእዛዝ ነው። ትላንት ያንተን እግር የመሰለ እግር የነበረው ሰው ሱሪውን ሰብስቦ «እይ፣ የኔም እንዲህ ነበር» ሲልህ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሳፋ ያመጣል፤ ይንበረከካል፤ ሰው ሁሉ የሸሸውን እግር በእጁ ይይዛል። ሕመምተኛው ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ነክቶት አያውቅም። ማን ያውቃል፣ ከሳሙናው በፊት የሚያድነው ያ እጅ ይሆናል።

የጓደኛዬ እህት ልጅ መንበርከክ ከማን እንደተማረች ያን ጊዜ ገባኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ሰልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ አለፈ። የፕሮግራሙ ብልሃት ባለሙያዋ ከሌላ ቦታ የመጣች ባለመሆኗ ላይ ነው። ቋንቋውን ታውቃለች፤ የማን ቤት ከማን ቤት እንደተኳረፈ ታውቃለች፤ ቡና በስንት ሰዓት እንደሚፈላ ታውቃለች። 16ቱን ፓኬጆች ተምረው የተገበሩ ቤተሰቦች «ሞዴል» ተብለው ይመረቁ ነበር፤ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እሱም ቢሆን በማስፈራራት ፋንታ ማክበር ነው። እንከን አልነበረውም ወይ? ነበረው። ከላይ ኮታ ይመጣል፤ ፎርም ይበዛል፤ በኋላም «አንድ ለአምስት» ሲመጣ የጤናው ወሬ ከሌላ ወሬ ጋር ተደባልቆ ሰዉ በጎን የሚያይበት ጊዜ ነበር። ልጅቷም ራሷ «ጋሼ፣ አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የማወራው ከወረቀት ጋር ከማወራው ያንሳል» ብላኛለች።

«ታዲያ እንዴት ነው የምታሳምኚያቸው?» አልኳት፣ በማግስቱ ቁስሌ ታጥቦ ከታሸገ በኋላ።

ሳቀች። «እኔ አላሳምንም። መጀመሪያ ቡና እጠጣለሁ። ከዚያ ደህና የሠሩትን ፈልጌ አመሰግናለሁ፤ የማይመሰገን ቤት የለም። ሁሉን ነገር ባንዴ አልናገርም፤ አንድ ነገር ብቻ። ስመለስ ስለዚያች ስለ አንዷ እጠይቃለሁ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት።

«ጫማ ካደረገ» አለችኝ።

ከነገረችኝ ሁሉ ያልረሳሁት የመስቀሉን ብልሃት ነው። በጋሞ መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው። ሽሮ ሜዳና ሌላም ቦታ ሸማ ሲሠሩ የከረሙ ልጆች ገንዘብና ስጦታ ይዘው ወደ ደጋው ይመለሳሉ፤ ለእናት ነጠላ ወይ ሻሽ ይመጣል። እሷ ታዲያ ከነሐሴ ጀምሮ ስልክ ትደውላለች። «ዘንድሮ ለእናትህ ሽፍን ጫማ አምጣላት፤ ሁለት፤ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለእርሻ» ትላለች። ሁለት የሆነበት ምክንያት አለው። አንድ ብቻ ከሆነ እናት ለክት ታስቀምጠዋለች፤ ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ደግሞ እግር አያድንም። «ልጃቸው ያመጣላቸውን ጫማ ካላደረጉ ልጁ ይከፋዋል ብለው ያደርጉታል። እኔ ስለ አፈሩ የማወራው ካደረጉት በኋላ ነው» አለችኝ። ለግማሽ የሥራ ዘመኔ ስለ ሥነ ልቦና ያነበብኩት ሁሉ ተደምሮ ይቺን አያክልም።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ይሄ እኮ የኛ አገር አመል ነው» አለና ያኔ የሆነውን አነሳ። መስከረም 2011 ዓ.ም ነው። በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ ብዙዎች መገደላቸውና መፈናቀላቸው ሲሰማ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ። ሊሆን የሚችለውን ሁሉም ያውቃል። የጋሞ አባቶች ያኔ የሠሩትን ግን አገር ሁሉ አይቶታል። እርጥብ ሣር ይዘው ወጡና በወጣቶቹ ፊት መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው የለመኑትን ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ወጣቱ ቆመ። ተመለሰ።

ጋሞ ጉዳዩን ዱቡሻ በሚለው የሸንጎ አደባባዩ ተቀምጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተመራርቆ የሚጨርስ ሕዝብ ነው። አባቶቹ የፈለጉ እንደሆን መርገም ይችሉ ነበር፤ እርግማናቸው ይፈራል። ማሳፈርም ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ከወጣቱ ዝቅ ብለው ታዩ። አሳፋሪ ሰው ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል። የተንበረከከ ሽማግሌ ደግሞ ራሱ ወደ ታች ወርዶ፣ ወጣቱ ከፍ እንዳለ ውሳኔውን ለእሱ ይተውለታል። የተመለሱት ልጆች ተሸንፈው አልተመለሱም፤ አባቶቻቸውን አክብረው ተመለሱ። እንዲህ አድርጎ የተመለሰ ሰው ነገ መልሶ አይወጣም።

አንዳንድ ሐኪም ወዳጆቼ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «በቀን ስልሳ በሽተኛ የሚያይ ሰው በየትኛው ሰዓት ተንበርክኮ ነው?» እውነታቸውን ነው። ወረፋው፣ ደመወዙ፣ ድካሙ ቀልድ አይደለም፤ እኔን የተቆጣኝም ሰው ያን ዕለት ምሳውን አልበላ ይሆናል። ግን «አያፍሩም?» ለማለት የፈጀው ጊዜና «ምን አስቸገረዎት?» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ብዙም አይለያይም። ቆጥሬዋለሁ፤ አንዱ አንድ ቃል፣ ሌላው ሁለት ቃል ነው። በሩን ለመዝጋትም ደቂቃ አይፈጅም። በአንደኛው ቃል ስምንት ወር ጠፋሁ፤ በሌላኛው ምናልባት በወሩ እመለስ ነበር። ሰውን ደጋግሞ ከማከም አንድ ጊዜ ማክበር ይረክሳል።

ለመመለስ በተዘጋጀሁበት ዋዜማ ወደ ኩልፎ ወረድን። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ቀልቷል። ያ ውኃ የተሸከመው አፈር ነው የደጋውን ሰው እግር የሚያሳብጠው፤ ታች ሲደርስ ደግሞ ሙዙን የሚያበቅለው እሱ ነው። ልጅቷ ወደ ደጋዋ ልትመለስ ቦርሳዋን አንግታ ልትሰናበተን መጣች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ። «ማታ ማታ ከመተኛትዎ በፊት እግርዎን ይዩ። ማየት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጡ።»

ይኸው አዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ በየማታው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ መንበርከክ ቀላል አይደለም፤ ጉልበት ይጠይቃል። እዚያ ዝቅ ብዬ ሳለሁ አንዳንዴ ያ ከክፍሌ የቀረ ተማሪ ትዝ ይለኛል። ስሙን አልረሳሁትም። የት እንዳለ ግን እያጠያየቅሁ ነው።